አባቴና ሞተሩ የጠፋው አውሮፕላን

በአባቴ ሠልስት ቀን፣ አዳማ በሚገኘው ቤታችን ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈና የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ለቀስተኛው ወሬውን ቀጠለ፤ እናቴ ብቻ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ቀና አለች። እኔም ቀና አልኩ። ድምፁ ከተማችንን ናዝሬት እያልን ወደምንጠራበት፣ ወደ ጦርነቱ ዘመን ይዞኝ ሄደ።

አባቴ ሻምበል ታደለ የሙከራ አብራሪ ነበር። በምሥራቁ ጦርነት ተመትተው የመጡ አውሮፕላኖች ከተጠገኑ በኋላ፣ ሌላ ሰው ሳይነካቸው በፊት ይዟቸው ወደ ሰማይ የሚወጣው እሱ ነበር። ደህና ናቸው ካለ ወደ ግንባር ይሄዳሉ፤ አይሆኑም ካለ ወደ ጥገና ይመለሳሉ። ስሙ በሬዲዮ ደጋግሞ ይነሳ ስለነበር ሰዎች እናቴን መንገድ ላይ እያስቆሙ «የጀግናው ባለቤት» ይሏት ነበር፤ እሷም ፈገግ ብላ አመስግና ታልፍና ቤት ስትገባ ነጠላዋን አልጋው ላይ ጥላ «እነሱ ምን አለባቸው!» ትል ነበር።

በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል አባቴ አብዝቶ ይበር ነበር። የጦር ሰፈሩ ከናዝሬት ራቅ ያለ በመሆኑ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ሙከራውን በሰላም ሲጨርስ በከተማችን በኩል ዞሮ፣ ክንፉን ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ አድርጎ ይመለስ ነበር። አለቆቹም እያወቁ እንዳላወቁ ያልፉት ነበር። እናቴ እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፤ ከክፍሏ መስኮት ያንን ስታይ ጠመኔዋን አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ቁጭ ትልና፣ ትንፋሿን ሰብስባ ትምህርቷን ትቀጥል ነበር። ከመቂ ሽንኩርት እየጫኑ የሚነግዱት ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ደግሞ ግቢያቸው መሐል ቆመው «አካም ጅርታ፣ ሻምበል!» ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉት ወደ ላይ ይጮኹ ነበር፤ እኛ ልጆች አባታችን የሚሰማቸው ይመስለን ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ደመናው ሲከብድ፣ አባቴ ቤት ይሰነብት ነበር። መሬት ላይ ግን የሚመች ሰው አልነበረም። ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎ ይሰለቻል፤ ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ ይጠይቀኝና መልሴን ሳይሰማ ተነስቶ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ በረንዳ ላይ በቆሎ እየጠበሰች ሳለ እናቴን አላስችል አላትና «ለዚህ ሥራ ካንተ በቀር ሰው ጠፋ?» አለችው።

«እኔ ካልሞከርኩት ሌላው ሳያውቀው ይሞክረዋል» አላት።

በቆሎው እስኪያርር ድረስ አላገላበጠችውም።

በመስከረም ማብቂያ ላይ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ ሻምበል መስፍን ቤታችን መጣ። እሱ ግንባር የሚዋጋ አብራሪ ነበር። ሳሎን ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እሰማቸው ነበር። ጉዳዩ ለብዙ አውሮፕላኖች በቅርቡ ስለተገጠመ አንድ ዓይነት የነዳጅ ቧንቧ ነበር፤ አባቴ ቧንቧው የተገጠመለትን አንዱን ሞክሮ «ይህ ለውጊያ አይሄድም» ብሏል።

«መካኒኮቹ እኮ ምንም አላገኙበትም» አለ መስፍን።

«መሬት ላይ ደህና ነው። ከፍ ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል።»

«አለቆቹ ታደለ ፈራ እያሉ ነው።»

«ይበሉ።»

መስፍን ሻዩን አማስሎ አማስሎ ሳይጠጣው አስቀመጠና «በዚያው አውሮፕላን እኔን መድበውኛል፤ ሰሞኑን እሄዳለሁ» አለ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መስፍን ተሰናብቶ ሲወጣ ግን እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘው፤ እንግዳ ሲሸኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥቅምት ውስጥ ነው፣ የእረፍት ደወል ተደውሎ ሜዳው ላይ ስንጫወት አንድ ልጅ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። አውሮፕላን ከቆቃ በኩል ዝቅ ብሎ ይመጣ ነበር፤ ድምፅ ግን የለውም። በላያችን ሲያልፍ የሰማነው ነፋሱን የሚቀድ የሚመስል ፉጨት ብቻ ነው። ሰፊ ክብ ሠርቶ፣ እየወረደ፣ ወደ ወንጂ አቅጣጫ ተመልሶ ከዓይናችን ጠፋ። ዞር ስል እናቴ ከክፍሏ ወጥታ፣ የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። እጇን ከሽቦው ያላቀቁላት ሌሎቹ መምህራን ናቸው።

አባቴ ሳይፈቀድለት ነበር ያንን አውሮፕላን ይዞ የወጣው። ከፍ ባለ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረዋል ያለው ሞተር ጭራሹን ጠፋበት፤ በጃንጥላ ዘለህ ውረድ ተብሎ በሬዲዮ ቢታዘዝም እምቢ አለ። የወንጂን የሸንኮራ ማሳ ከነቆራጮቹ አልፎ፣ ከቆቃ ውኃ ዳር የከብቶች መዋያ በሆነ ደልዳላ መሬት ላይ በሆዱ አሳረፈው። የወገቡ አጥንት ተሰበረ። ከውስጥ ጎትተው ያወጡት እረኞችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ እናቴ እንደምን አደርክ እንኳ አላለችውም።

«ለምን አልዘለልክም?»

«ብዘል ይከሰከስና ጥፋቱም አብሮት ይቀበራል» አላት እየቃተተ። «ነገ መስፍን ያው ቧንቧ በተገጠመለት በሌላው ይወጣል። ቧንቧውን አይተው ማመን ነበረባቸው።»

«ለመስፍን ልጆች አሰብክ። ለእኔስ ልጆች?»

አባቴ ፊቱን ወደ ጣሪያው መለሰ። ያ ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት በደረቴ ውስጥ ቆየ።

አውሮፕላኑ ሲፈተሽ ቧንቧው ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ከሌሎቹም ላይ ተነቅሎ ወጣ። አባቴን ያለ ትእዛዝ በረርክ ብለው ሲመረምሩት ከረሙና ዓመቱ ሳይዞር በዚያው ሥራው ኒሻን ሸለሙት፤ ማዕረግም ጨመሩለት። ከዚያ ወዲያ ግን አልበረረም። ጦርነቱ አልፎ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በኦቦ ገመዳ አማካይነት መቂ ወርዶ የገበሬዎችን የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲጠግን ኖረ፤ በምርኩዙ ተደግፎ፣ ልብሱ ጭቃ ሆኖ፣ ቲማቲም በጫነ መኪና ጋቢና ተቀምጦ ይመለስ ነበር።

በሠልስቱ ቀን ያ አውሮፕላን በላያችን ካለፈ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መስፍን ወደ ድንኳኑ ገባ። ሽማግሌ ሆኗል፤ ልጁ ክንዱን ይዛ ነው ያስገባችው። እናቴ እግር ሥር ሊንበረከክ ሲል «ኧረ ተው፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» ብላ አጠገቧ አስቀመጠችውና እጁን ያዘችው። ሁለቱም አለቀሱ። ልጁ እኔ ዘንድ ተቀመጠች፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ስለ አባቶቻችን ስናወራ፣ የእሷ አባት ከግንባር ከተመለሰ በኋላ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ይዟት ይመለስ እንደነበር፣ መንገድ ላይም ሸንኮራ ይገዛላት እንደነበር ነገረችኝ።

የእኔ አባት አንድ ቀንም ትምህርት ቤት መጥቶ አልወሰደኝም፤ በኋላም ወገቡ አላስኬደውም። ያኔ ይህንን ብሰማ ኖሮ በቅናት አለቅስ ነበር፤ ምናልባትም እሷን መጥላቴ አይቀርም ነበር። አሁን ግን ደስ አለኝና ሸንኮራውን ማን ይልጥላት እንደነበር ጠየቅኋት።

«እሱ ነዋ» አለችኝ፣ አባቷን እያየች።