በሁዳዴ የተቀቀለ እግር

ባለፈው እሑድ በልጅ ልጄ ልደት ላይ ከኬኩ አጠገብ ቀይ ጄሊ ቀረበ። ሰው ሁሉ ሻማው እስኪጠፋ ሲጠብቅ እኔ እጄን ሰድጄ በጣቴ ጫን አደረግሁት። ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተቀደደም። «ረግቷል!» ብዬ ጮህሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ልቤ ወጣትነቴን ወዳሳለፍሁባት የወሎዋ ከተማ፣ መካነ ሰላም ደርሶ ነበር።

የአብዮቱ የካቲት ነው። ገና ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነበርሁ። ከቆላ የተሰደደው ርሃብተኛ በገበያው ዳር ተኝቷል፤ ሹማምንቱ ግን «ርሃብ» የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም። ባልደረባዬ ግርማና እኔ በራሪ ወረቀት ልንበትን ተማማልን። የጽሑፍ ማባዣ መሣሪያ ያለው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ብቻ ስለሆነ የራሳችንን ልንሠራ ተነሣን! የበሬ እግር ይቀቀልና ሙጫው ይወጣል፤ ግሊሰሪን ይጨመርበትና ትሪ ላይ ይረጋል። ወይን ጠጅ ቀለም በሚለቅ ኮፒ እርሳስ የተጻፈ ወረቀት ሲለጠፍበት ቀለሙን ይጠጣል፤ ከዚያ ባዶ ወረቀት በተጫነበት ቁጥር ጽሑፉን መልሶ ይሰጣል።

ጥንቃቄያችን ለጉድ ነበር። ግርማ ጽሑፉን እንጂ የሙጫውን አሠራር አያውቅም። ግሊሰሪኑን የገዛሁት ከንፈሬ ተሰነጠቀ ብዬ ነው። መስኮቴን በብርድ ልብስ ጋረድሁ። ከደስታዬ ብዛት መቀመጥ አቃተኝ። ሁሉን አስቤ አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ፤ ለካ ሁዳዴ ገብቷል!

ድስቱ ሲንተከተክ የመረቁ ሽታ ግቢውን ሞላው። አከራዬ እትዬ ውባለም ደጄ ላይ ቆሙ።

«ኧረ ጉድ! በጾም ሥጋ? ያውም በኔ ግቢ?»

ጎረቤት ከተሰበሰበ ፖሊስም እንደማይቀር አውቃለሁ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የሥጋ ነጋዴው ሚስት እማማ ዘይነብ ብቅ አሉ።

«አፉ በይኝ ውቤ፣ የኔ ጣጣ ነው። እንጨት አልቆብኝ ከመምህርቷ እሳት ላይ ጣድሁት። አሁን አነሳዋለሁ።»

እትዬ ውባለም እያማተቡ፣ «ምድጃውን ጠበል እርጪው!» ብለውኝ ሄዱ።

እማማ ዘይነብ ድስቱን ተሸክመው ቤታቸው ሲገቡ ተከተልኋቸው። ከርሃቡ ሸሽተው የመጡ የእህታቸው ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እማማ ጭልፋ አነሱ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ እኮ...»

«አውቃለሁ። ክርስቲያን ልጅ በሁዳዴ ከእስላም ሥጋ ቤት እግር ስትገዛ፣ ልትበላው ነው ልበል? ባሌ የሸጠልሽ ለት ነው የጠረጠርሁ። እግር ሙጫ እንደሚወጣው አላጣውም፤ ከግርማ ጋር ስለ ወረቀት ስትንሾካሾኩም በአጥሩ ሰምቻለሁ። የምትጽፉት ስለነዚህ ልጆች አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እንግዲያ መጀመሪያ እነሱ ይጠጡ። አብሽሪ፣ ለወረቀቱም ይተርፋል።»

ደግነቱ ግሊሰሪኑን ገና አልጨመርሁም ነበር። ልጆቹ ጠጥተው የተረፈው መረቅ አነሰብኝ፤ ግሊሰሪኑን ጨምሬ ትሪ ላይ ባፈስሰውም አይረጋም ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቤታቸው በጣቴ ጫን ሳደርገው ረግቷል! የመጀመሪያው ወረቀት «ወሎ ተርቧል፤ አትደብቁ!» የሚል ወይን ጠጅ ጽሑፍ ይዞ ሲወጣ ጽሑፉን ይዞ የመጣው ግርማ እልል ሊል ነው፤ አፉን አፈንሁት። በገበያ ቀን ወረቀቱ በጤፍ ጆንያዎች መሀል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ማንበብ የሚችል ላልቻለው ሲያነብለት አየሁ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ምስጢር የጠበቅሁ እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። የጠበቁንስ እማማ ዘይነብ ናቸው፤ ሁሉን እያወቁ ለባላቸው እንኳ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ።

«አያቴ፣ ምንድነው የረጋው? ንገሪና!» አለች የልጅ ልጄ፣ ጄሊውን በማንኪያ እየነካካች።

ሳህኗን ሞላሁላት። «መጀመሪያ ብሉ» አልሁ፤ «ለወሬውም ጊዜ ይተርፋል።»