እምቢ የማይሉ አባት

የህንድ ፊልም ውሸት ነው ይላሉ። አይደለም። የሀብታም ልጅ ድሃ መውደዷ፣ የድሃ ልጅ ከሀብታም ግቢ ፊት ለፊት ተገትሮ መዋሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ፍቅሩ የሚብስባቸው መሆኑ፣ ይሄ ሁሉ አቃቂ ውስጥ በየሰፈሩ የሚታይ ነገር ነው። የሚጎድለው ዘፈኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ባጃጆቹ ያሟሉታል። በህንድ ፊልም ውስጥ እኔ ያላመንኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፦ የልጅቷ አባት። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ሰፈር እየሰማ «ልጄን አልሰጥህም!» ብሎ የሚጮኸው አባት። እንዲህ ያለ ቅን ሰው በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም።

እህቴ የምትኖረው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ የቀበሌ ቤት ነው። ባለቤቷ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ካረፈ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷ፣ አንድ ልጇ እና ቴሌቪዥኑ ናቸው። ፍላሽ ላይ የተጫነ አንድ የህንድ ፊልም አላት። ርዕሱን አታውቀውም፤ «ልብስ ሰፊው» ትለዋለች። አንድ ልብስ ሰፊ የአንድ ባለ ሆቴል ልጅ የሰርግ ልብስ ሊለካ ሄዶ ከሙሽራዋ ጋር ይዋደዳል፤ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ ጩኸት፣ መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያ። ወደ አማርኛ የሚመልሰው አንድ ሰው ነው። ብቻውን ልጅቷንም፣ አባትየውንም፣ አያትየዋንም ይሆናል፤ ሲሰለቸው ደግሞ ራሱን ይሆንና ጣልቃ ይገባል። አባትየው «ከደጄ ጥፋ!» ብሎ ሲጮህ ተርጓሚው «ኧረ ቀስ ጋሽዬ፣ ደም ግፊት እንዳለብዎት አይርሱ!» ይላል። እህቴ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቃለች።

«መጨረሻው ነው የማይመስለው» አልኳት አንድ እሑድ። «እንዲህ የጮኸ ሰው እንዴት ጣቢያ ድረስ ሮጦ ልጁን ይሰጣል?»

«አንተ መጽሐፍ አንብበህ አንብበህ ልብህ ደርቋል። አባት እኮ ነው። አባት መጨረሻ ላይ ይራራል።»

«ማን አለሽ?»

«ማን አለሽ ይለኛል! ይኸው እያየሁት!» ብላ በእጇ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመችኝ።

ይህ ክርክር ፊልም ላይ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። የእህቴ ልጅ በያጅ ነው። ቃሊቲ ውስጥ ባለ ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይሠራል። ከሁለት ዓመት በፊት ከሳሪስ ወዲህ ላለ አንድ ትልቅ ግቢ በር ሠርተው ሊገጥሙ ሄዱ። ባለግቢው የመጋዘንና የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው፤ ሒሳባቸውን የምትይዘው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ናት። በሩ ከባድ ስለነበር ገጠማው ቀናት ወሰደ። ልጅቷ ለሠራተኞቹ ውሃ ታወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን መተረክ አያስፈልገኝም፤ ፊልሙን አይታችሁታል።

ተዋደዱ። በድብቅ ሳይሆን በወግ እንጠይቅ ተባለ፣ ሽማግሌ ተመረጠ። አንደኛው የእህቴ ቤት የንስሐ አባት ነበሩ። ሁለተኛው ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ላይ የጨረሱ ጡረተኛ። ሦስተኛው እኔ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ማንበቤ ለአንድ ነገር ይጠቅማል ብላ እህቴ ስላመነች።

በእሑድ ጠዋት ሄድን። ዘበኛው ሊያስገባን ሲል ጡረተኛው ከለከሉት። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ባለግቢው ራሳቸው በቱታ ወጡ።

«ግቡ እንጂ! ምነው ደጅ ቆማችሁ?»

«አንገባም» አሉ ጡረተኛው፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «መጀመሪያ ይስሙን። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው ደጅዎ የቆምነው።»

ልጃችን ማን እንደሆነ ሲነገራቸው ፊታቸው በራ። «አውቀዋለሁ! እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ይሄን በር ያየ ሁሉ ማን ሠራልህ ይለኛል።» በሩንም መታ መታ አደረጉት። ከዚያ አስገቡን፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ጥብስ መጣ። ስንጨርስ እንዲህ አሉ፦ «የልጅ ነገር በአንድ ቀን አይሆንም። ቤተሰብ ይመካከርበትና ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ።»

በኛ ወግ ይህ መልካም ዜና ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን አራከሰ ይባላል፤ ስለዚህ እሺ የሚለውም መጀመሪያ ቀጠሮ ይሰጣል። በታክሲ ስንመለስ ጡረተኛው ጉልበቴን መታ አድርገው «አለቀ!» አሉኝ። ቤት ስንደርስ እህቴ እልል አለች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥብሱ ስለጣፈጠኝ አልተከራከርኩም።

ከፋሲካ በኋላ ሄድን። ዶሮ በላን። ታላቅ ወንድሟ ውጭ አገር ስለሆነ እሱ ሳይጠየቅ አይሆንም ተባለ። ወንድምየው ተጠየቀ፤ ግን ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፣ ሲመጣ ይሁን አለ። ሲመጣ ክረምት ሆነ፤ በክረምት ማን ይዳራል? ከመስቀል በኋላ የጭነት መኪኖቻቸው ጉዳይ ነበር። ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ። የቤተ ክርስቲያናችን ዘመን አቆጣጠር መልስ መስጠት ለማይፈልግ ሰው የተሠራ ይመስላል፤ ከአንዱ ጾም ወጥተህ ወደ ሌላው እስክትገባ ያለው ጊዜ ቀጠሮ ለመያዝ ብቻ ይበቃል። በሄድን ቁጥር እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እንመረቃለን። የንስሐ አባት ኪሎ ጨመሩ።

ልጁ ግን እየከሳ ሄደ። ሐዋሳ ላይ በዋና በያጅነት የሚቀጥረው ሰው አግኝቶ ነበር፤ አልሄደም። «ሽማግሌ ልኬ ከተማ ልለቅ እንዴ ጋሼ? ምን ይሉኛል?» አለኝ። እህቴ ግድግዳውን ቀለም አስቀባች። ሙሽራ የሚገባበት ቤት ነው ብላ የባለቤቷን አሮጌ ቁም ሣጥን አስወጣች። ቦታው እስካሁን ባዶ ነው፤ ሲያልፉበት ድምፅ ያስተጋባል።

አንድ ቀን ከሰዓት እህቴ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ልጅቷ መጣች። ብርቱካን በፌስታል ይዛለች። ለእህቴ ሰላምታ ሰጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቤታቸው ካለው ሳሎን ጋር ሳነጻጽረው ያቺ ክፍል የሚያሳፍር ነገር እንዳላት ታየኝና በራሴ ተናደድኩ። ፊልሙ ተከፍቶ ነበር። አባትየው ጮኸ። «አልሰጥህም! በቁሜ አልሰጥህም!» ተርጓሚው ስለ ደም ግፊቱ ቀለደ፤ እህቴ ሳቀች።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ታድላ» አለች፣ ቀስ ብላ።

እህቴ ስለ ቪላው መሰላት። «ያንቺስ ቤት ምን ያንሰዋል የኔ ልጅ?»

«ቤቱን አይደለም እማማ። አባቷን ነው።» ብርቱካኑን ከፌስታል እያወጣች ትደረድር ነበር። «አባዬ እንዲህ ቢጮህብኝ በዚያው ቀን ሻንጣዬን ይዤ እወጣ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልውጣ? እምቢ አላለኝም። ስጠይቀው 'መቼ ከለከልኩሽ የኔ ቆንጆ?' ይልና ግንባሬን ይስመኛል። የሚስም አባት ጥላ ጠፋች ልባል?»

እህቴ አንድ ብርቱካን አንሥታ መላጥ ጀመረች። እኔ ያነበብኩት ሁሉ የሚጮኹ አባቶችን የሚመለከት ነው።

በዚህ መሃል ጡረተኛው ጎረቤታችን አረፉ። ሳንባቸው ነው አሉ። ባቡሩ የቆመ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ነው ተብለው ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው ለብዙ ዓመት ሰቅለው ያቆዩ ሰው ነበሩ፤ ቀጠሮ ሲሰጠን ከሁላችን በላይ የሚያምኑትም እሳቸው ነበሩ። ድንኳኑ ከመንገዱ ዳር ተተከለ። በማግስቱ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና መጥቶ ቆመ፤ ባለግቢው ጥቁር ለብሰው ወረዱ።

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ተነሣላቸው። ገብተው ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ተቀመጡ። ንፍሮ ቀመሱ። ሲወጡ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «እግዜር ያጽናችሁ። አባት የሆነ ሰው ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም በዝግታ፦ «ያ ጉዳያችን ደግሞ... ሐዘኑ ይብረድና እንገናኛለን።»

የእህቴ ልጅ ውሃ ሲያዞር ሰምቷል። ወደ ጓሮ ጎተተኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየሁት።

«ሰማህ አይደል ጋሼ? 'ጉዳያችን' አሉ! ደግሞ እምቢ የሚል ሰው ለቅሶ ይደርሳል?»

«ስማኝ» አልኩት። «ሰውዬው እምቢ ብለዋል።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

«ከአፋቸው ሰምተሃል?»

አልሰማሁም። ያ ነው ችግሩ። ለዚህ ልጅ ቃል እንጂ ትንታኔ አይገባውም፤ ደግሞም ልክ ነው። እምቢ የተባለ ሰው አልቅሶ፣ ሰክሮ፣ ተጣልቶ፣ ሐዋሳ ሄዶ፣ ወይ ደግሞ ልጅቷን ይዞ ጠፍቶ የሆነ ሰው ይሆናል። ያልተባለ ሰው ግን ምንም መሆን አይችልም። ለመታዘዝም ለማመፅም መጀመሪያ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሐዘኑ በረድ ሲል ብቻዬን ሄድኩ። ሽማግሌ ብቻውን መሄዱ ነውር ነው፤ ነውር ይሁን ብዬ ነው የሄድኩት። መጋዘናቸው ውስጥ ባለችው ቢሮ አገኘኋቸው። ልጅቷ ከመስታወቱ ወዲያ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሳ ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አንድ ነገር ልለምንዎት መጣሁ» አልኳቸው።

«ምን ገዶኝ! ተናገር ወንድሜ።»

«እምቢ ይበሉን።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ከልባቸው አዘኑ፤ አስመስለው አልነበረም። «ምን በደልኩህ? ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? በኛ ቤት ሽማግሌ አፍሮ ተመልሶ አያውቅም። አባቴ ይቺን ነገር ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣል!»

«እንግዲያው እሺ ይበሉን።»

ሳቁ። የተላላኪዋን ስም ጠርተው ለእኔ ማኪያቶ አዘዙ። «አይ አንተ! የተማረ ሰው ሆነህ እንዲህ ትቸኩላለህ? ነገር በወጉ ነው የሚያምረው። ከፍልሰታ በኋላ አዲስ ሽማግሌ ተኩና ኑ።»

«ልጅዎስ? እሷ ምን እስክትሆን?»

«እሷ ምን ጎደላት?» አሉ፣ በመስታወቱ አሻግረው እያዩዋት። አስተያየታቸው የፍቅር ነበር። ይህን ስጽፍ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ምን አለ? አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን ቢመቱት፣ በያጅ ብለው ቢሰድቡን፣ ያን ማኪያቶ ፊቴ ላይ ቢደፉት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ሰምታ ትነሣ ነበር። ማኪያቶው በሥነ ሥርዓት መጣ። ጠጣሁት።

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጁ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ የተከተፈ ድንች ዓይኑ ላይ በጨርቅ ታስሮለታል። አሁን አሁን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ ነው የሚበይደው። ዓይኑ የሚቀላው በብየዳው ይሁን በሌላ እናቱ አትጠይቀውም፤ ድንቹን ብቻ ትከትፋለች። የሐዋሳው ሰው ሌላ በያጅ ቀጥሯል። ልጅቷ ብርቱካን ይዛ መምጣቷን ትታለች፤ ስልክ ታነሣለች፣ ግን ብዙም አትናገርም አለኝ።

ፊልሙ እየሄደ ነበር። ልጁ ዓይኑ ታስሮ በተርጓሚው ድምፅ ይከታተለዋል።

«ጣቢያው ጋ ደረሱ?» አለ።

«ደረሱ» አለች እናቱ።

አባትየው በሰው መሃል እየተጋፋ፣ እያለከለከ፣ ጫማው ወልቆ ደረሰ። ባቡሩ ሊነሣ ነው። የሴት ልጁን እጅ ይዞ ለልብስ ሰፊው ሰጠው። ተርጓሚው «ይኸዋ! አባት እኮ ነው!» አለ። ከቤቱ ጀርባ ያለው የኛ ጣቢያ ሐዲዱ በሣር ተሸፍኗል፤ ፍየሎች ይግጡበታል። እህቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«በጡረተኛው ቦታ ማንን እንተካ?»

ልጁ በድንቹ ስር ሆኖ አንገቱን ወደኔ አዞረ። ሁለቱም መልሴን ጠበቁ። እኔም፣ አምላክ ይይልኝ፣ «እናስብበት» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የማን ድምፅ እንደሆነ አወቅኩት።

አንተ ይህን የምታነበው ሰው፣ ምናልባት ባለ ግቢ ነህ፤ ምናልባት የደረሰች ልጅ አለችህ። አንድ ቀን ጋቢ የለበሱ ሰዎች ደጅህ ይቆማሉ። ልትሰጥ ካልፈለግህ አታስገባቸው። ለስላሳ አትክፈትላቸው፤ በሩን አታመስግንላቸው፤ ለቅሷቸውን አትድረስ። ልጅህ እንድትሰማ ጮክ ብለህ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እምቢ በላቸው።