ሳይነበብ የቀረው መስመር

በጥርስ ክሊኒኩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «አይዞሽ» ነው የሚላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሐኪሙ ጎን ቆማ መብራት ስታስተካክል፣ ዕቃ ስታቀብል፣ የፈራውን ሁሉ «አይዞሽ፣ አይዞህ» ስትል ኖራለች። መርፌ ሲያይ ላብ የሚያጠምቀው ጎረምሳ እንኳ እጇን ከያዘ አደብ ይገዛል። ሰው ማረጋጋት ታውቅበታለች። ጥፋቷም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከቀዶ ሕክምና በፊት የስምምነት ፎርሙን ለታካሚ የምታነበው እሷ ናት። ፎርሙ ላይ አንድ ክፉ መስመር አለ፦ «ነርቭ ከተነካ የታችኛው ከንፈር ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል።» እዚህች ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትፈጥናለች። ሰው በከንቱ ለምን ይሸበር ባይ ናት። ደግነት መስሏት ነው እንግዲህ!

ታናሽ እህቷ ጉንጯ አብጦ የመጣች ቀን ግን መስመሩን ጭራሽ ዘለለችው። የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ ሳትወጣ ድድ ውስጥ ተጋድማ ቀርታለች፤ ራጁ ላይ ሥሯ ነርቩን ተደግፎ ይታያል። ሐኪሙ አይዞሽን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «አደራ፣ በደንብ ንገሪያት። ካልፈለገች ሥሩን ትተን አናቱን ብቻ ማንሳት እንችላለን» አላት። እህቷ ግን ፈሪ ናት፤ ይህን ከሰማች እግሬ አውጪኝ ማለቷ አይቀርም።

«እዚህ ጋ ፈርሚ፣ የተለመደ ወረቀት ነው» አለቻት። ለሐኪሙ ደግሞ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ «ነግሬያታለሁ» አለችው።

ድዱ ተቀደደ፣ አጥንቱ ተቦረቦረ፣ ጥርሷ ለሁለት ተሰንጥቃ ወጣች። ስፌቱ ደረቀ፣ እብጠቱ ጎደለ። ከንፈሯ ግን እንደደነዘዘ ቀረ።

ይኸው ሰባት ወሩ። እህትየው አስተማሪ ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ ደም አገጯ ላይ ሲወርድ የነገሯት ተማሪዎቿ ናቸው። ይባስ ብላ ላገኘችው ሁሉ፣ «እትዬ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ትላለች። አይዞሽ ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ጸጸቱ እህል አላስበላ ብሏታል። ስንቴ ልትነግራት ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ ስለ መጋረጃው አውርታ ተመልሳለች!

ዛሬ ጠዋት የክትትል ቀጠሮ ነበር። ሐኪሙ እህትየውን ዓይኗን አስጨፍኖ ከንፈሯን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ሲሰማሽ እጅሽን አንሺ።»

እጇ አልተነሳም። ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «እንግዲህ ላይመለስ ይችላል። ይህ ሊመጣ እንደሚችል እህትሽ አስቀድማ ነግራሻለች፣ አይደል?»

አይዞሽ የያዘችው ትሪ ላይ ዕቃው ተንቀጫቀጨ። እህቷ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ትሪውን፣ ከዚያ የአይዞሽን ፊት አየች።

«አዎ፣ ነግራኛለች» አለች።

ኮሪደሩ ላይ አይዞሽ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት። «እህቴ፣ እኔ እኮ… ልነግርሽ ነበር…»

እህትየው ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ለሱ የመለስኩለት ከሥራሽ እንዳትባረሪ ብዬ ነው፣ እትዬ። ለኔስ? ሰባት ወር ሙሉ ቤቴ ስትመላለሺ ከርመሽ፣ ከሱ አፍ ልስማው?»

መልስ ሳትጠብቅ ደረጃውን ወረደች።