ኪቦርድ የገባበት ሙሾ

እታለማሁ የዘፈን ጠላት አይደለችም። የቆሰበር ከተማ ወጣቶች እንዲያ ብለው ያሟታል እንጂ፣ ሰርግ ቤት ገብታ ሳትጨፍር የወጣችበት ቀን የለም። እሷ የማትወደው ትንፋሽ የማይወስድ ዘፈን ነው። «ይኸ የዛሬው ወፍጮ ነው፤ አንዴ ካስነሱት እህሉ ቢያልቅም ዝም ብሎ ይፈጫል» ትላለች። ልጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ! እኔም በእሷ እስማማለሁ፣ ማን ከልካይ አለኝ።

ኑሮዋ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ድንች ትተክላለች፣ ገብስ ታጭዳለች፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ በሬውንም ሞፈሩንም የምታዝዘው ራሷ ናት። ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ስሟ የሚነሳው ግን በድንቿ ሳይሆን በሙሾዋ ነው። ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት፤ በአዊኛም በአማርኛም፣ እንደ ለቅሶ ደራሹ። አወራረዷም የራሷ ነው። ሁለት ስንኝ ታወርድና ዝም ትላለች። ቃል ጠፍቷት አይደለም። ሰው የሚያለቅሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። «ሙሾው የኔ ነው፣ ልቅሶው የናንተ ነው፤ ቦታ ልልቀቅላችሁ እንጂ» ትላለች። ይህን ከአክስቷ ተማረችው፣ አክስቷም ከእናቷ።

ካቻምና ወንድሟ ሀብቱ ሞተ። ሀብቱ በፈረሰኝነቱ አገር የሚያውቀው ሰው ነበርና፣ እንደ ወጉ ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ወደ ለቅሶው መሃል ተመራ። እታለማሁ የፈረሱን አንገት ይዛ እንዲህ አለች፦

ኮርቻውን አታውርዱ፣ ፈረሱም እንዲያው ይቁም፤
ጌታዬ ይመጣል ይላል፣ እኔስ ደፍሬ አልነግረውም።

ከዚያ ዝም አለች። ያን ጊዜ ከተማ የለመደው ሳይቀር መሬት ላይ ተንከባለለ። የሀብቱ ልጅ መሳፍንት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጽ ነበር። አየችው። የአባቱን ልቅሶ ሊያስቀምጥ ነው ብላ፣ እንዲያውም አዘነችለት።

መሳፍንት ቆሰበር ውስጥ ስቱዲዮ አለው። ስቱዲዮ ማለት አንዲት ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ኪቦርድ ነው፤ የአካባቢው አዳዲስ ዘፈን ከዚያች ክፍል ይወጣል።

አምና በጥር ወር የጎረቤቷ ልጅ ተዳረች። እታለማሁ ዳሱ ውስጥ ቆማ ለአማቾቹ ጠላ ስትቀዳ ዲጄው አንድ ዘፈን ለቀቀ። መጀመሪያ ከበሮ፣ ከዚያ ኪቦርድ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ። ድምፁ የራሷ ነበር። «አልነግረውም፣ አልነግረውም፣ አልነግረውም» እያሰኘ ኪቦርዱ ቃሏን እንደ ቆሎ ያንገረግበዋል። ሚዜዎቹ ዘለሉ። ሙሽራዋ ሳይቀር ትከሻዋን ሰበቀች። በወንድሟ ሬሳ ላይ የወረደ ሙሾ፣ ሰርግ ቤት! ሙሾ ከለቅሶ ቤት ውጭ በቀልድ እንኳ አይነሳም፤ ሟርት ነው፤ ሞትን ስሙን ጠርቶ ና ግባ ማለት ነው። ጠላው መሬት ላይ ፈሰሰ። ስድብ አፏን ሞላው፣ ግን የሰው ሰርግ ነው ብላ ዋጠችው። በዚህ ያልተናደደ ሰው በምን ይናደዳል?

በማግስቱ በባጃጅ ቆሰበር ወረደች። ስቱዲዮው በር ላይ ሆና፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳትል፣

«አባትህን በስንት እስክስታ ሸኘኸው?» አለችው።

መሳፍንት ብድግ አለ። «አክስቴ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሰሙት? ሰው ሁሉ ወዶታል እኮ! አባቴን ዘንገና ብቻ ነበር የሚያውቀው። አሁን ጫግኒ መናኸሪያ ሳይቀር የእሱ ፈረስ ይዘፈናል።»

«ይዘፈናል አልከኝ?»

«ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። እንደ ድሮው ቢቀመጥ ማን ይሰማዋል? የዛሬ ልጅ ሳይደንስ አይሰማም። ድምፅዎ ለጉድ ነው፣ አክስቴ፤ ዜማውም እንደዚያው። ባዶ ቦታ ግን በዝቶበት ነበር፤ እሱን በከበሮ ሞላሁት።»

ባዶ ቦታ! እዚህ ላይ ነው አንጀቷ የተቃጠለው። ሰርጉን ይቅር ትለው ይሆን ነበር፤ ልጅ ነው፣ ከተማ ነው ያደገው ብላ ታልፈው ነበር። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው እንባ የለቀቀችውን ቦታ፣ እሱ እንደ ተበላሸ ነገር ጠግኖታል።

«አንተ ልጅ» አለች፣ «እናትህ ያለቀሰችበት ቦታ ነው፤ አንተስ ያለቀስክበት አይደለም? አጥፋው።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አክስቴ። በየሰው ስልክ ገብቷል።»

«እንግዲያውስ አክስቴ አትበለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከመሳፍንት ጋር አልተነጋገረችም። ሽማግሌ ላከ፤ መለሰቻቸው። የሀብቱ ሚስት ውዴ ራሷ በመሃል ገባች። ውዴ ክፉ አልነበረችም፣ ልጇን ከእታለማሁ ማስታረቅ ብቻ ነበር ምኞቷ። «እቴ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ተይው» አለቻት። እታለማሁ ውዴን አቅፋ ሳመቻት፣ ልጁን ግን አልማረችም። ዘፈኑ ከባጃጁም ከሚኒባሱም ይከተላታል፤ በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

በክረምቱ ማብቂያ ውዴ ታመመች፣ አልቆየችም። መሳፍንት በጭቃው እየዳኸ ዘንገና መጣ። እግሯ ላይ ወደቀ።

«በእኔ ይቆጡ። እናቴን ግን ያለ ሙሾ አይስደዷት። ከእርስዎ በቀር ማን አላት?»

እታለማሁ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ተነሳች። የምትሄደው ለውዴ ነው።

ለቅሶው ላይ ሰው ግጥም ብሏል። እታለማሁ መሃል ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አዲስ ስንኝ ለውዴ አወረደች፤ ባሏን ተከትላ ስለሄደች ደግ ሴት። ዜማው ያው የራሷ ዜማ ነው፣ ሌላ የላትም። ሁለቱን ስንኝ ጨረሰችና እንደ ልማዷ ዝም አለች፣ ሰው እንዲያለቅስ።

ማንም አላለቀሰም።

ዓይኗን ገለጠች። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አንዲት ልጅ፣ የውዴ የእህት ልጅ፣ ፊቷ በቅድሙ እንባ ርሶ ሳለ ትከሻዋ ብቻውን ንቅንቅ አለ፤ ወዲያው ደንግጣ በሁለት እጇ ያዘችው። ልጅቷ ምን ታድርግ። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ እታለማሁም ሰማችው። በዝምታው ውስጥ፣ ከራሷ ጭንቅላት፣ ያ ከበሮ ድም ድም ይላል። እንደገና ሞከረች። እንደገና መጣ።

ዞር ብላ መሳፍንትን ፈለገችው። ከሬሳው ራስጌ ቆሟል።

«ክፈተው» አለችው።

«ምኑን፣ አክስቴ?»

«ስልክህን! ባዶው ቦታ ይኸውልህ፤ ሙላው! እኔ አልችልም። የማስለቀስበትን ወስደኸዋል። በል ክፈተውና ለእናትህ አንተው አስለቅስላት!»

መሳፍንት ባለበት ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሽማግሎቹ አቀረቀሩ። እታለማሁ ከመሃል ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ቄሱም ጊዜው ሄደ ብለው ሬሳው እንዲነሳ አዘዙ።

ውዴ ሙሾ ሳይወርድላት ተቀበረች። እታለማሁ በዚህም መሳፍንትን አልማረችውም።