ከዱርጋ ጋር የጾምኩት ዘጠኝ ቀን

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ደብሊን ውስጥ አንዲት ሕንዳዊት አሮጊት ለመንከባከብ ተቀጠርኩ። ልጃቸው ሐኪም ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እኔ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ልብሳቸውን አጣጥፋለሁ። ልጁ «ማ» ስለሚላቸው እኔም «ማ» አልኳቸው። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ችግሬ ሳሎኑ ጥግ የተሰቀለችው ናት።

ዱርጋ ትባላለች፤ ማ የሚያመልኳት አምላክ ሥዕል ናት። አሥር እጅ አላት። በየእጇ ሰይፉን፣ ጦሩን፣ ቀስቱን ይዛ አንበሳ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ጎሽ የመሰለ ጋኔን ተዘርሯል። ማ ጸጉራቸውን ዘይት ስቀባቸው ታሪኳን ነገሩኝ። ጋኔኑ ወንድ እንዳይገድለው ቃል ተገብቶለት ኖሮ አማልክቱ ሁሉ አቃታቸው፤ ሲጨንቃቸው መሣሪያቸውን ሰብስበው ለአንዲት ሴት አስረከቡ። ዘጠኝ ሌሊት ተዋግታ በአሥረኛው ቀን ጣለችው። የጌታ ልጅ ነኝና ጆሮዬን መድፈን ነበረብኝ፤ ወንዶቹ ሥራውን ለሴት ጥለው ዞር ማለታቸውን ስሰማ ግን «እውነት ነው» ብዬ አረፍኩ። አሥር እጅማ የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር።

ለሥዕሏ ከቀረበው ጣፋጭ በየቀኑ ያካፍሉኛል። እምቢ ማለት ነውር፣ መብላት ኃጢአት። ስለዚህ በናፕኪን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከትና ነዳጅ ማደያው ጋ ስደርስ ቆሻሻ ውስጥ እጥለዋለሁ። የዚያ ማደያ አይጦች ጣዖት አምላኪ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ጭንቀቴን ለፓስተራችን ነገርኩት። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ዘጠኝ ቀን የሚጾምላት በዓል እንዳላትም ነገርኩት።

«ሲስተር፣ ጃቡን ኩዊት እንዳታደርጊ!» አለኝ። «ጌታ እዚያ ቤት ያስገባሽ ለስፒሪቹዋል ዋርፌር፣ ለመንፈሳዊ ውጊያ ነው። አንቺም ዘጠኝ ቀን ጹሚና ቤቱን ለጌታ ክሌም አድርጊው።»

እሱ በዚያ ሳምንት ሁለት ሰርግ ስለነበረበት በጸሎት ብቻ ተባበረኝ።

በመጀመሪያው ቀን ምሳዬን ሳልበላ ስቀር ማ አዩኝ። «አንቺም ትጾሚያለሽ እንዴ ልጄ?» አሉ ደስ ብሏቸው። አምላክዎን ላባርር ነው አይባል ነገር። አፌ ላይ የመጣችልኝ እናቴ ናት። ኤምባሲው ሁለቴ መልሷታል፤ ሦስተኛው ኢንተርቪው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ካየኋት ስድስት ዓመቴ ነው፤ በስልክ ድምጿ ሲደክም እሰማለሁ፤ ሳላያት እንዳትሞትብኝ እፈራ ነበር።

«ለእናቴ ቪዛ ነው» አልኳቸው።

ማ እጄን ያዙኝ። «እንግዲያው እኔም የዘንድሮውን ለእሷ እጾማለሁ» አሉ።

እንዲህ ሆነን ቀጠልን። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ከወተትና ከፍራፍሬ በቀር ሳይቀምሱ፣ መብራት አብርተው አበባ እያቀረቡ ለእናቴ ይለምናሉ፤ እኔ ጀርባዬን ለሥዕሉ ሰጥቼ ፎጣ እያጣጠፍኩ የሚለምኗትን እገሥጻለሁ። በአራተኛው ቀን ራሴን አዞረኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የስኳር ዱቄት የተነሰነሰበት ዶናት ሁለት፣ ኧረ ሦስት፣ ዋጥኩ። ከዚያ ወዲያ የጾምኩት እሳቸው ፊት ብቻ ነው።

ለእናቴ ቪዛው ተመታላት። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ «ዘጠኝ ቀን ጾሜ ጌታ ሰማኝ» ብዬ መሰከርኩ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ፤ ፓስተሩ አለቀሰ፤ ምስክርነቴም በካሴት ተቀዳ።

እናቴ በመጣች በሳምንቷ ማ «ልያት» ስላሉ ወሰድኳት። እናቴ ከኦርቶዶክስ ሃይማኖቷ ፍንክች የማትል ሰው ናት። ጦር ይዛ አንበሳ ላይ የተቀመጠችውን ቆማ ስታይ ቆየችና «ይቺ ደግሞ የእነሱ ጊዮርጊስ ናት?» አለች። ይህንን አልተረጎምኩም። ቀሪውን ግን በመካከላቸው ቁጭ ብዬ መተርጎም ግድ ሆነብኝ።

ማ፣ «ዘጠኝ ቀን ጾሜልሻለሁ» አሏት።

«ዘጠኝ ቀን ጾመንልሻል ይሉሻል» አልኳት።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ? ፍልሰታን ሦስት ቀን ሳትጾሚ ድስት የምትከፍቺው?» ብላ ሳቀች።

ማ ምን እንዳሳቃት ጠየቁኝ። ማምለጫ አጣሁና እናቴ ያለችውን ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ የዩኒፎርሜን ኮሌታ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«በአራተኛው ቀን እዚህ ጋ ስኳር ነበረብሽ» አሉኝ። «ስለዚህ እናታችን ዱርጋን፣ የእኔን ጾም ለልጅቷም ቁጠሪላት አልኳት።»

ይህን ለእናቴ ልተረጉም አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። እናቴ ትርጉሙን አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ለእኔ የተሰጠኝን ጣፋጭ የዚያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ አልከተትኩትም፤ እዚያው ተቀምጬ በላሁት።

ጸሎት ቤት ባለው ካሴት ላይ ግን እስከ ዛሬ ዘጠኙንም ቀን የጾምኩት እኔ ነኝ።