ክር የምታህል ውሃ

ትናንት በረንዳ ላይ ያሉትን አበቦች ላጠጣ ቧንቧውን ስከፍት፣ ፀሐይ ላይ የዋለው ጎማ መጀመሪያ የተፋው ውሃ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ለብ ያለ ነው። ዘግቼው ቁጭ አልኩ። አበቦቹ ጠምቷቸዋል፤ እኔ ግን ለብ ያለ ውሃ ከነካኝ በሐሳቤ ሰጉላ፣ በወጣትነቴ የሠራሁበት ሰፈር፣ ደርሼ ሳልመለስ ሌላ ሥራ አልችልም። አንቺም ዛሬ ከመጣሽ አይቀር አብረሽኝ ነይ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ወንድሜን ሱዳን ቀብረን፣ እኔና አባቴ ብቻ ቀርተን ማሃኔ የሁዳ በሚባል ሰፈር በአንዲት ጠባብ ቤት እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ሰጉላ እሄዳለሁ። የተቀጠርኩት የትናንሽ ጀልባ ሞተር የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ፣ ለጽዳት ነበር። ባሕሩ የት፣ ሰጉላ የት! ዓሣ አጥማጆቹ ግን የባለ ጋራዡን እጅ ስለሚያምኑ አሮጌ ሞተራቸውን በመኪና ጭነው ይመጡ ነበር።

እነዚያ አሮጌ ሞተሮች የሙቀት መለኪያ የላቸውም። ሲሞከሩ ውሃ በሞላ በርሜል ላይ ተሰቅለው እግራቸው ይነከራል። ከታች ውሃ ይስባሉ፤ ውሃዋ ሆዳቸውን ዞራ ታቀዘቅዝና በጎን ካለች ቀዳዳ ክር አክላ ትወጣለች። አንድ ቀን ባለ ጋራዡ መጥረጊያዬን ከእጄ ወስዶ እዚያች ቀዳዳ አጠገብ አቆመኝ።

«ጣትሽን አድርጊባት» አለኝ። «ለብ ካለች፣ በሰደር። ካቃጠለችሽ ወይ ከቆመች፣ ጩኺ።» በሰደር በዕብራይስጥ ደኅና ነው ማለት ነው።

ሞተሩን የሚያስነሳው እንደኛው ከጎንደር የመጣ ልጅ ነበር። ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ሲስቅ አንገቱን ወደኋላ ይጥላል። በገባ ቁጥር «ውሃ ጠባቂዋ፣ ዛሬስ ውሃሽ ምን አለች?» ይለኛል። «ካንተ የተሻለ ታወራለች» እለዋለሁ። ወደድኩት። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ማንን እፈራለሁ፣ ወድጄው ነበር። የቅዳሜ፣ የሰንበታችን ዕረፍት ለሌላው ሰው ጸጋ ሲሆን፣ ለእኔ እሱን የማላይበት የረዘመ ቀን ሆነ።

የብርቱካን አበባ ሽታ ከእርሻው ወደ ግቢው በሚነፍስበት ሰሞን፣ አንድ ትንሽ ሞተር በርሜሉ ላይ አስነስተን ቆመናል። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ጠጋ አለኝና «አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። ልክ ይህን ሲል ክሯ ቀጥ አለች!

«ውሃዋ ቆማለች!» ብዬ ጮህኩ።

እሱ እቴ! ሞተሩ ሊቃጠል ነው፣ እሱ ፊቱ አመድ መስሎ መልሱን ይጠብቃል። እኔው ራሴ ዘልዬ አጠፋሁት። ሞተሩን ስናነሳው፣ ከአጥሩ ሥር ካለው ባሕር ዛፍ የረገፈ ቅጠል ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ ላይ ተለጥፏል። ልጦ ጣለውና ሳያየኝ እንደገና አስነሳው። ክሯ መጣች። ጣቴን አደረግኩባት።

«ለብ ብላለች» አልኩት። ከዚያ ደግሞ «ላክ» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤታችን መጡ። እኔ ማድ ቤት በር ሥር ቆሜ እሰማለሁ። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ያልራቀ ሰው አይጋባም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠራል። አባቴ በእናትም በአባትም እየዘረዘረ ወደ ላይ ወጣ፣ አጎቱም የእነሱን እንዲሁ። አምስተኛው ቤት ሲያልፍ እፎይ አልኩ። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም አንድ ስም እኩል ጠሩ። ወገራ የኖረ አንድ ሸማኔ ነበር።

ቀጥሎ የሰማሁት የአባቴን ለቅሶ ነው። የደስታ ለቅሶ።

«ለካ ሥጋዬ ኖረሃል!» እያለ ይስቅም ጀመር፤ በበሩ አጮልቄ ሳይ የልጁን አጎት አንገት አንቆ ይስማል። ሽማግሌዎቹም ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያን ሁሉ ዘመድ መንገድ ላይ ለቀበረ ሰው፣ በሰው አገር የሥጋ ዘመድ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ አልፈርድበትም።

«ነይ ልጄ!» ብሎ ተጣራ። «እልል በይ እንጂ፣ ወንድም አገኘሽ!»

እልል አልኩ። ምን ላድርግ ታዲያ?

እሁድ ጠዋት ጋራዡ ስደርስ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ውሃ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «እንዴት አደርሽ፣ እህቴ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጦሩ ሄደ። ዛሬ ይህን ታሪክ ስነግረው ልጄ ይስቅብኛል፤ ዕብራይስጥ እየቀላቀለ «ኑ እማ፣ ማ ዜ ስድስት ቤት? ምንድን ነው እሱ? ሸማኔውን ማን ያውቀዋል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቀውም። ግን አባቴን እንዲያ ሲስቅ ከሱዳን ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ሳቅ ከአፉ ልንጠቀው?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዳርኩ። ባሌ ደግ ሰው ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሰርጉ ዕለት ሙሽራዋን ከቤት የሚያወጣ ወንድም ተፈለገ። አባቴ በእንግዳው መሃል ዓይኑን አዞረና ከጦሩ የተመለሰውን የጋራዡን ልጅ ጠራው። «ወንድም ቢሞትባት አንተ አለህላት፤ ልጄን አውጣልኝ» አለው።

«እሺ፣ አባ» አለና መጥቶ እጄን ያዘ። እስከዚያ ቀን እጄን ይዞኝ አያውቅም። ደረጃው ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ «ቀስ በይ እህቴ፣ ቀሚስሽን እንዳትረግጪው» አለኝ። ቀስ አልኩ። ከዚያም የበለጠ ቀስ ማለት ቢቻል ኖሮ፣ እስከ ዛሬ እዚያው ደረጃ ላይ በሆንኩ።