የእናቴ ሽቶ

በቀደም ዕለት ካዛንቺስ አንድ ሽቶ ቤት ውስጥ ሻጯ አንጓዬ ላይ ብትረጭልኝ፣ እርጥብ እንጨት፣ ጽጌረዳና ፓቹሊ የሚሉት ቅጠል የተቀላቀለበት ሽታ አወደኝና እናቴ በሩን ከፍታ የገባች መሰለኝ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

እናቴ የሞተችው በክረምት ነው፣ እኔ ገና ፊደል ሳልጨርስ። ቂርቆስ በነበረችው ጠባብ ቤታችን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣ ቀሚሷን አቅፌ ሽታዋን እየማግሁ እተኛ ነበር። አርባዋ ሲወጣ ግን ልብሷ ሁሉ እንደ ወጉ ለነዳያን ተሰጠና እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

መስከረም ሲጠባ ሽታው ተመለሰ። ልታሳድገኝ የመጣችው ታናሽ እህቷ፣ እትዬ የሺ፣ ሲመሽ ሽቶ ተቀብታ አጠገቤ ትተኛ ነበር፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «እማዬ መጣች» እያልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በጋውን ሙሉ የጎረቤት ሴቶች ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ያሟት ነበር። «ጥቁር ለብሶ ሽቶ! ወይ ሐዘን!» ይላሉ፣ እንድትሰማ አድርገው። አፏ የማይመለሰው እትዬ የሺ በዚህ ነገር ግን ትንፍሽ አትልም ነበር።

በቀደም ወደ ካዛንቺሱ ሽቶ ቤትም የወሰድኳት እሷን ነው፤ የእናቴን ሽቶ እድሜ ልኬን ስፈልግ ኖሬ፣ ተገኘ ሲሉኝ። ሻጯ ሁለት ጠርሙስ አቀረበችልን። «ሁለቱም ፓቹሊ ናቸው፣ ማለቴ ብዙም አይለያዩም፣ በቃ ደስ ያለሽን ውሰጂ።»

እኔ አንጓዬ ላይ የተረጨውን፣ የመጀመሪያውን ሳነሳ፣ እትዬ የሺ ሁለተኛውን አሽትታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄ ነው የእናትሽ።»

«ኧረ እትዬ፣ ይሄኛው ነው!»

«እሱ የኔ ነው። የሷን መርካቶ ዞሬ ባጣው፣ የሚመስለውን ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን እማዬ ብለሽ ተጠምጥመሽ ተኛሽ፤ ከዚያ በኋላ ምን ልበልሽ?»

ያን ሁሉ ሐሜት የቻለችው ለእኔ እንቅልፍ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሁለተኛውን ደጋግሜ አሸተትኩት። ጥሩ ሽቶ ነው። ግን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ሽታ ሆነብኝ።

ቢሆንም የእናቴን ትቼ መውጣት አልቻልኩም፤ እሱን ገዛሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ በሌላ ሴት ሽቶ ማታ ማታ ትመጣልኝ ነበር፤ አሁን የራሷ ሽቶ ቤቴ ተቀምጧል፣ እሷ ግን አትመጣም።